ሻንጣው መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው፦ ለሩቅ የሞተር ጉዞ ዕቃ ስለመምረጥና ስለመጫን

በሞተር ሩቅ መንገድ ሊሄድ ያሰበ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ «ምን ዓይነት ሻንጣ ልግዛ?» ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ግን ተገልብጧል። መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ሞተሩ ስንት ኪሎ እንደሚችል ነው። ቀጥሎ ምን ምን እንደምትይዙ። ከዚያ የትኛው ዕቃ የት እንደሚቀመጥ። ሻንጣ የሚመረጠው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

መኪና ላይ የተጫነ ዕቃ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ሞተር ላይ ግን ጭነቱ የሞተሩ አካል ይሆናል። ስትታጠፉ አብሯችሁ ያጋድላል። ፍሬን ስትይዙ ከኋላ ይገፋችኋል። ነፋስ ሲመጣ ነፋሱን ይቀበላል። ስለዚህ ስለ ሻንጣ ስናወራ ስለ መንዳት እያወራን ነው።

ነገሩ በደንብ እንዲታይ አንድ መንገድ ልያዝ። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በሞጆ፣ በዝዋይና በሻሸመኔ አድርጎ፣ በዶዶላና በዲንሾ በኩል ወደ ሮቤና ጎባ ይወጣል። ከጎባ ደግሞ የሳኔቲን አምባ አቋርጦ ወደ ደሎ መና ይወርዳል። ይህን መንገድ የመረጥኩት ስለምወደው ነው፤ ደግሞም ጭነትን የሚፈትን ነገር ሁሉ አለበት። የስምጥ ሸለቆው ሙቀት አለ። የሻሸመኔ ግርግር አለ። የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ በየከተማው መግቢያ አለ። ጠጠር አለ። ከ4,000 ሜትር በላይ ያለው የሳኔቲ ብርድና ነፋስ አለ።

ሚዛን

ከሞተራችሁ ጋር የመጣውን መጽሐፍ አውጡና ሁለት ቁጥር ፈልጉ። አንዱ ሞተሩ ነዳጅና ዘይት ሞልቶ የሚመዝነው ነው። ሌላው ከነጭነቱ እንዲመዝን የተፈቀደለት የመጨረሻ ክብደት ነው። ከትልቁ ላይ ትንሹን ቀንሱ። የሚቀረው ለእናንተ፣ ለሄልሜታችሁ፣ ለጃኬታችሁ፣ ለፖርቶመጋላው (ዕቃ ለሚታሰርበት ብረት)፣ ለሻንጣውና ለዕቃው በሙሉ የተተወ ነው።

በቁጥር እንየው። 125 ኪሎ የሚመዝን፣ እስከ 265 ኪሎ የተፈቀደለት ሞተር እንበል። የሚቀረው 140 ነው። ነጂው 75 ኪሎ ይሁን። ሄልሜቱ፣ ጃኬቱና ቦቲ ጫማው 8 ኪሎ ይሁኑ። 57 ቀረ። በዚህ ላይ የብረት ሳጥንና የሚቀመጥበት ፖርቶመጋላ ባዶውን 15 ኪሎ ከወሰደ፣ ለዕቃ የቀረው 42 ኪሎ ነው። ከኋላ ሰው ካለማ ቁጥሩ ያልቃል፤ አንድ ትንሽ ሻንጣም ትርፍ ነው።

«ቦክሰር ላይ ሦስት ሰውና አንድ በግ ሲጫን አይተናል እኮ» የሚለኝ አለ። እኔም አይቻለሁ። ሞተሩ ይሸከማል፤ በዚህ ማንም አይከራከርም። ጥያቄው ሕፃን ልጅ ድንገት መንገድ ሲገባ በስንት ሜትር ይቆማል ነው። ከልክ በላይ የተጫነ ሞተር ለመቆም ብዙ ቦታ ይፈልጋል። ጎማው ይሞቃል። ራጂው (የጎማው ሽቦ) ይላላል፣ ሲብስም ይሰበራል። የኋላው ሞላ እስከ ታች ይጨመቅና ጉድጓድ ላይ የሚያለሰልስበት ቦታ ያጣል። ጉዳቱ የሚታየው ሞተሩ ሲነሳ ሳይሆን ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ ነው።

ዕቃ ለመመዘን ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም። መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡ ልጆች አሉ። ሻንጣውን ተሸክማችሁ ውጡበት፣ ከዚያ ብቻችሁን ውጡበት፣ ቀንሱት። ለልጁ የሁለቱን ክፈሉት። እኔ እያንዳንዱን ሻንጣ ለብቻው አስመዝኜ ቁጥሩን በማርከር ውስጡ ላይ እጽፋለሁ። መጀመሪያ ጊዜ ሳስመዝን በጣም የደነገጥኩት በልብሱ አይደለም። ውሃ ነው ጉዱ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ አንድ ሊትር ቤንዚን ደግሞ ወደ 750 ግራም። አምስት ሊትር ውሃ ማለት ለሳምንት የሚበቃ ልብስ ማለት ነው። እስከ ጎባ ድረስ በየከተማው ውሃ ይሸጣል፤ እስከዚያ ሁለት ሊትር ይበቃል። ሙሉ የምትሞሉት ሳኔቲን ልትሻገሩ ስትሉ ነው።

የትኛው የት ይቀመጥ

ይህን ክፍል ረዘም አደርገዋለሁ፤ ምክንያቱም ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው ሻንጣ ላይ ነው፣ ደህንነቱ ግን ያለው እዚህ ጋ ነው።

ዶዶላ ላይ በገበያ ቀን አህያ ሲጫን ቆሜ አይቻለሁ። ሁለት ሰዎች ሁለቱን ኬሻ በአንድ ጊዜ አንስተው ግራና ቀኝ ያሳርፋሉ። አንዱ መጫኛውን በሆዷ ሥር ያሳልፋል፣ ሌላው ተቀብሎ ይጎትታል። ታስሮ ካለቀ በኋላ ግን አይሄዱም። አህያዋን አሥር እርምጃ ያህል ይነዷትና ያቆሟታል። አንዱ ኬሻ ዝቅ ካለ ከእሱ ይቀነሳል፤ ካልሆነም ቀላሉ ላይ ድንጋይ ይጨመራል። መጫኛውም እንደገና ይጠብቃል፤ እህሉ በእርምጃው ረግጦ ገመዱ ላልቷልና። ለሞተር የሚያስፈልገው ሁሉ እዚህ ውስጥ አለ። ግራና ቀኙ እኩል ይሁን። ጭነቱ ገላው ላይ ይለጠፍ። ጥቂት ተሂዶ ገመዱ እንደገና ይታይ።

ሞተር ላይ የሚጨመረው የፊትና የኋላው ጉዳይ ነው። እስኪ እናስላው። ከፊት ጎማው መሐል እስከ ኋላ ጎማው መሐል 130 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሞተር እንያዝ። ከኋላ ጎማው መሐል 30 ሳንቲ ሜትር አልፎ ወደ ጭራው 15 ኪሎ ሻንጣ አሰራችሁ። የኋላው ጎማ 15 ኪሎ የተጨመረበት ይመስላል። ነገር ግን ሞተሩ እንደ ሚዛን ነው፤ ከኋላ ጎማው ወዲያ ስትጫኑት ከፊት ይነሳል። 15ን በ30 አባዙና ለ130 አካፍሉ፤ 3.5 ኪሎ ያህል ይመጣል። የፊት ጎማው ይህን ያህል ቀልሏል። የኋላው ደግሞ የተጨመረበት 18.5 ኪሎ ነው።

3.5 ኪሎ ትንሽ ልትመስል ትችላለች። ግን መሪውን የሚታዘዘው የፊት ጎማ ነው፤ ከፍሬን ትልቁን ሥራ የሚሠራውም እሱ ነው። ዳገት ላይ ጋዝ ስትሰጡ የፊቱ ጎማ በራሱ ይቀላል፤ ሻንጣው ሲታከልበት ጠጠር ላይ መንሳፈፍ ይጀምራል። አስፋልት ላይ ስትፈጥኑም ከኋላ ከፍ ብሎ የታሰረ ከባድ ነገር ሞተሩን ጭራውን እንደሚቆላ ውሻ ያደርገዋል። ይህ ከደረሰባችሁ መሪውን ጨምድዳችሁ አትታገሉት። ፍሬንም ድንገት አትያዙ። እጃችሁን ለስለስ አድርጋችሁ ጋዙን ቀስ እያላችሁ ልቀቁት፤ ፍጥነቱ ሲቀንስ ይረጋጋል። ከዚያ ቁሙና ጭነቱን ወደ ፊት አምጡ።

ስለዚህ ከባዱ ዕቃ፣ ማለትም ቁልፍና መፍቻው፣ መለዋወጫው፣ ውሃው፣ የምግብ ቆርቆሮው፣ ዝቅ ብሎ፣ ወደ ሞተሩ መሐል ተጠግቶ፣ በተቻለ መጠን ከኋላ ጎማው መሐል ወደ ፊት ይሁን። ከፍ ያለውና ወደ ኋላ ያለው ቦታ የቀላልና የሰፊ ዕቃ ነው፦ የመኝታ ከረጢት፣ ሹራብ፣ ነጠላ ጫማ።

ለመፍቻ የሚሆን ርካሽ ዘዴ ልንገራችሁ። ወፍራም የፕላስቲክ የውሃ ቧንቧ በክንድ ርዝመት ቁረጡ። አንዱን ጫፍ በክዳን አጣብቁ፣ ሌላውን የሚከፈት ክዳን አድርጉለት። ከሞተሩ ፊት፣ የመውደቂያ መከላከያው ብረት ላይ ዝቅ አድርጋችሁ በክላምፕ እሰሩት። ሦስት አራት ኪሎ ብረት ከጭራው ተነስቶ ከፊት ታች ገባ ማለት ነው። እንዳይንኳኳ ብረቱን በጨርቅ ጠቅልሉት።

ግራና ቀኙን በተመለከተ፣ ልዩነቱ ከአንድ ሁለት ኪሎ እንዳይበልጥ ነው የምሞክረው። ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ባለበት በኩል ሻንጣው ወደ ውጭ ገፋ ብሎ ስለሚቀመጥ፣ በዚያ በኩል ትንሽ ቀለል ቢል ይመረጣል። የራቀ ክብደት የበለጠ ይጎትታልና።

አሁን ስለ ሻንጣው

የአሉሚኒየም ሳጥን ይቆለፋል፣ ውሃ አያስገባም፣ ሲቆሙ ወንበር ይሆናል። ብዙ ሰው የሚመኘውም እሱን ነው። እኔ ግን ለትንሽ ሞተርና ለጠጠር መንገድ አልመክረውም። አንደኛው ምክንያት ክብደቱ ነው፤ ሁለቱ ሳጥን ከነማሰሪያው ብረት ባዶውን ከ10 እስከ 15 ኪሎ በቀላሉ ይወስዳል። ሁለተኛው የእግር ነገር ነው። ጠጠር ላይ ሞተሩ ሲንሸራተት ሰው ሳያስበው እግሩን መሬት ያደርጋል። ሞተሩ ወደ ፊት ይሄዳል፣ እግሩ ይቀራል፣ ከኋላ የሚመጣው ጠንካራ ሳጥን ቁርጭምጭሚቱን ይይዘዋል። እግር የተሰበረባቸው አሉ። ለአስፋልትና ለትልቅ ሞተር ግን ሳጥን ጥሩ ነው። ስፋቱን በሜትር ለኩት። ሳጥኑ ከመሪው ጫፍ የሚሰፋ ከሆነ፣ መሪው ባለፈበት የሻሸመኔ ባጃጅ መሐል ሳጥኑ አያልፍም።

ለስላሳ ሻንጣ ቀላል ነው። ጥንዱ አምስት ኪሎ ቢደርስ ነው። ሲወድቅ ይተጣጠፋል፣ እግርንም እንደ ብረት አይጎዳም። ጉድለቱ ደግሞ በቢላ ይቀደዳል፣ ማርሚታ ከነካው ይቀልጣል፣ አቧራ ይገባዋል። ከማርሚታው ቢያንስ አራት ጣት ይራቅ፤ ሞላው ሲጨመቅም እንዳይነካው ከላይ ተጭናችሁ እዩ። በመሐሉ ቀጭን ቆርቆሮ ጋሻ ማሰር የብየዳ ቤት የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው።

ውድ ሻንጣ መግዛት ለማይችል ሰው ደግሞ የሚሆን ነገር አለ። መርካቶ የጭነት መኪና ሸራ የሚሰፉ ባለሙያዎች አሉ። በኮርቻ መልክ ግራና ቀኝ የሚወርድ ሁለት ከረጢት ስፉልኝ ብትሏቸው ይሰፉታል። አፉን በዚፕ አታሠሩት፤ ዚፕ በአቧራ ይሞታል፣ ውሃም ያሳልፋል። አፉ ረዥም ይሁንና ሦስት ጊዜ ታጥፎ በማጠፊያ የሚቆለፍ ይሁን። ውስጡ ወፍራም ላስቲክ ይግባበት። በደንብ የታጠበ የማዳበሪያ ውስጠኛ ላስቲክ እንኳ ይሆናል። ላስቲኩ ከውስጥ ነው የሚሻለው። ከውጭ የሚለበሰው የዝናብ ልብስ ነፋስ ይገፈዋል፣ ወይ ከታች ውሃ ያጠራቅማል።

ከኋላ ከፍ ብሎ የሚቀመጠው ሳጥን፣ ፒዛ የሚያደርሱ ልጆች የሚይዙት ዓይነት፣ ለሄልሜትና ለዝናብ ልብስ ምቹ ነው። ቦታው ግን ቅድም ያሰላነው መጥፎ ቦታ ነው። አምስት ኪሎ ይበቃዋል። ፖርቶመጋላው ላይ ራሱ የሚችለው ክብደት የተጻፈበት ሞተር አለ፤ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ከጠበቃችሁት ያንሳል። ያማሃ ኤጂ ሞተሮች ከፊትም ከኋላም ሰፊ ፖርቶመጋላ ይዘው ነው የሚመጡት፤ ለእርሻ ሥራ ተብለው ስለተሠሩ ነው። ሌላ ሞተር ላይ በቱቦላሬ አሠሩ። ታዲያ በቡሎን ይታሰር እንጂ የሞተሩ አካል ላይ አይበየድ። ብየዳ የነካው ብረት ከጎኑ ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀ ፖርቶመጋላ ይቀየራል፣ የተሰነጠቀ የሞተር አካል ግን ሞተሩን ያስቀራል።

ነዳጅ ታንከሩ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ቦርሳ ለስልክ፣ ለገንዘብ፣ ለካሜራ ነው። መሪውን እስከ መጨረሻው ግራም ቀኝም አዙሩና ክላክሱን ወይም ማጥፊያውን የማይነካ መሆኑን እዩ።

የጀርባ ቦርሳ? በተቻለ መጠን ተዉት። ከሰዓት በኋላ ትከሻን ይገድላል፣ ሰውየውንም ከላይ ከባድ ያደርገዋል። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ውስጡ ያለው ጠንካራ ነገር ነው። በጀርባችሁ ብትወድቁ መፍቻው ወይም ላፕቶፑ ያለው የጀርባ አጥንታችሁና አስፋልቱ መሐል ነው።

ገመድ

መጀመሪያ ሩቅ በሄድኩ ጊዜ የመኝታ ከረጢቴን ያሰርኩት ሁለት ጫፉ መንጠቆ ባለው ላስቲክ ነበር። ጥብቅ ይመስል ነበር። መቂ መግቢያ ያለውን ጉብታ ስሻገር ከረጢቱ ዘለለ። መንጠቆው ወለቀና ወደ ታች ወረደ። አላየሁም። የሰማሁት «ጠቅ ጠቅ» የሚል ድምፅ ነው፤ ከዚያ የኋላ ጎማው ተያዘ። ለጉብታው ብዬ ቀንሼ ስለነበር ሞተሩ ትንሽ ተንሸራቶ ቆመ። ስወርድ ላስቲኩ በሰንሰለቱና በጥርሱ መሐል አራት አምስት ዙር ተጠምጥሟል። መንጠቆው ሁለት ራጂ አጣሟል። ማዶ ያለው ጎሚስታ ቤት ያለ ልጅ ቢላ ይዞ መጣና መሬት ተኝቶ ቁራጭ በቁራጭ አወጣልኝ። አርባ ደቂቃ ፈጀ። ያ ጉብታ ባይኖርና በ80 እየሄድኩ ቢሆን ኖሮ የምጽፍላችሁ ታሪክ ሌላ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ደንቤ ይህ ነው። ዋናውን ሸክም የሚይዘው የማይለጠጥ ነገር ነው፤ ጠፍጣፋ ቀበቶ፣ መቆለፊያ ያለው። ቢያንስ ሁለት ቦታ ይታሰራል፣ አንዱ ቢበጠስ ሌላው እንዲይዝ። የሚለጠጥ ነገር ከላዩ ለመደገፊያ ብቻ ነው። ለዚህ ደግሞ ከአሮጌ ከመነዳሪ (የጎማ ውስጠኛ ላስቲክ) የተቆረጠውን ጥቁር ጎማ የሚያህል የለም። በየጎሚስታው ይገኛል፣ መንጠቆ የለውም፣ ቋጠሮ ይይዛል። በፀሐይ ብዛት ስለሚሰነጣጠቅ ብቻ ከጉዞ በፊት ጎትታችሁ እዩት። መንጠቆ ያለውን ላስቲክ ግን ቤት ተዉት። ሲወጠር አምልጦ ዓይን ላይ የሚመጣውም እሱ ነው።

የተረፈ ጫፍ ሁሉ ይታጠፍና ይታሰር። ተንጠልጥሎ የቀረ የአንድ ስንዝር ቀበቶ ሰንሰለት ይፈልጋል። ገመዱ ፍሬቻውን፣ የፍሬን መብራቱን፣ ታርጋውን እንዳይሸፍን። ከዚያ እንደ አህያ ጫኞቹ፣ 20 ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ በኋላ ቁሙና በእጃችሁ ነቅንቁት። ልብስ ይረግጣል። ሁልጊዜ ይላላል።

ምን ይገባል፣ በምን ቅደም ተከተል

በሞቃቱ ዝዋይ በሸሚዝ የሄደ ሰው በማግስቱ ሳኔቲ ላይ ነው። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ ወደ 6 ዲግሪ ተኩል ይቀንሳል። ደሎ መና ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ናት፤ ሳኔቲ ከ4,000 በላይ። ልዩነቱ 18 ዲግሪ ያህል ነው፣ በግማሽ ቀን ውስጥ። የሞተሩ ነፋስ ሲታከልበት የበለጠ ይሰማል። እዚያው ሳኔቲ ላይ ካለው ከቱሉ ዲምቱ ተራራ ጫፍ ድረስ፣ 4,377 ሜትር፣ የሚወጣ መንገድ ስላለ ብዙ ሰው ይፈተናል። ያኔ ጣት ካልታዘዘ ፍሬን መያዝም አይቻልም።

መልሱ ወፍራም ካፖርት አይደለም። ካፖርት ቦታ ይበላል፣ ዝዋይ ላይ ደግሞ ይገድላል። ሦስት ስስ ልብስ በላይ በላዩ ይለበስ፦ ከሥር ገላን የሚነካ ቀጭን፣ ከመሐል ሹራብ፣ ከላይ ነፋስና ዝናብ የማያሳልፍ። የዝናብ ልብሱ ዝናብ ባይኖርም ለነፋስ ይለበሳል። ሁለት ጥንድ ጓንት ያዙ፤ አንዱ ከራሰ ሌላው ደረቅ ይሆናል። ጋቢ የምትወዱ ያዙት፣ እኔም እይዛለሁ። ጥቅል አድርጋችሁ ከኋላ ላይ፣ በላስቲክ ውስጥ። ቀላልና ሰፊ ነውና ቦታው እዚያ ነው።

ለሦስት ቀን የሚበቃ ልብስ ለሦስት ሳምንት ይበቃል። ማታ ፔንሲዮን ውስጥ ታጥቦ ጠዋት ይለበሳል። ይህን ለማመን አንድ ጉዞ ይበቃል።

አገባቡ በፍላጎት ነው። ማታ ብቻ የሚያስፈልግ ከታች ይገባል። የዝናብ ልብስ፣ ጓንትና የመጀመሪያ ዕርዳታ መስጫ፣ ሻንጣው ሳይፈታ የሚወጡበት ቦታ ይሁኑ። አዳባ ላይ ዝናብ ሲይዛችሁ መንገድ ዳር ቆማችሁ ገመድ ሁሉ ከፈታችሁ፣ የዝናብ ልብሱ እስኪገኝ ሻንጣው ውስጥ ያለው ሁሉ ይረጥባል። ዕቃን በየዓይነቱ በተለያየ ቀለም ትናንሽ ከረጢት ለዩት፤ በጨለማ ክፍል ውስጥ መብራት ሲጠፋ ዋጋው ይገባችኋል።

መለዋወጫ ላይ አልቆጥብም። ለፊትም ለኋላም ከመነዳሪ፣ መለጠፊያና ማስቲሽ፣ የእጅ ፓምፕ፣ ጎማ መፍቻ ብረት፣ ካንዴላ፣ የፍሪሲዮን ገመድ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ለሞተራችሁ ቡሎን የሚሆኑ ቁልፎች። ለሞተሩ የማይሆን ቁልፍ ግን ክብደት ብቻ ነው። አንድ እሑድ ጎማችሁን ቤታችሁ በራሳችሁ መሣሪያ አውልቁት፤ ያልነካችሁት መፍቻ ከሻንጣው ይውጣ።

አንድ ትንሽ ነገር፦ ወደ ሳኔቲ ስትወጡ የአየር ግፊቱ ይቀንሳል። ታች የተዘጋ ብስኩት እንደ ፊኛ ይነፋል፣ ዘይትና ሻምፑም ከክዳናቸው ይወጣሉ። ጠርሙሶችን ጎባ ላይ አንዴ ከፍታችሁ ዝጉ፣ ለብቻ ላስቲክ ውስጥም ይግቡ።

መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬ፣ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ፣ መታወቂያና የተወሰነ ገንዘብ በሻንጣ አይገቡም። በላስቲክ ተጠቅልለው ደረታችሁ ኪስ ውስጥ ይሁኑ። ሻንጣ ሊጠፋ ይችላል።

ሞተሩም ይስተካከል

ጭነት ሲገባ ሞተሩ ይለወጣል፤ ስለዚህ አራት ነገር ንኩ። የጎማ ንፋስ ጎማው ሳይሞቅ ተለክቶ መጽሐፉ ለሁለት ሰው በሚለው ልክ ይሞላ። የኋላው ሞላ ማጥበቂያ ካለው አንድ ሁለት ደረጃ ይጥበቅ። የሰንሰለቱ ልቅነት ጭነቱ ተጭኖ፣ እናንተም ተቀምጣችሁበት ይታይ፤ ባዶውን ልክ የነበረ ሰንሰለት ጭራው ሲወርድ ይወጠራል። የፊት መብራቱም ወደ ላይ ስለሚያይ ዝቅ ይደረግ፤ አለዚያ ከፊት የሚመጣውን ሹፌር ታሳውራላችሁ።

የጎን ማቆሚያውም አለ፤ ብዙ ሰው አያስበውም። ጭነቱ ሞተሩን ዝቅ ሲያደርገው፣ በጎን ማቆሚያ ሲቆም በጣም ቀጥ ይላል፤ ትንሽ ነፋስ ወይም ገፋ የሚያደርግ ልጅ ወደ ማዶ ይጥለዋል። ስለዚህ ስትጭኑ ማቆሚያው ካለበት ከግራ ጀምሩ፣ ስታወርዱ ከቀኝ ጀምሩ። ለጭቃ መሬት ከማቆሚያው ሥር የምትጥሉት መዳፍ የሚያህል ጠፍጣፋ ጣውላ ያዙ።

ከጉዞው ሳምንት ቀደም ብላችሁ ሙሉውን ጭናችሁ እስከ ቢሾፍቱ ሂዱና ተመለሱ። መኪና በሌለበት ቦታ ጠንከር ያለ ፍሬን ሞክሩ። ጉብታ ላይ ውጡ። ጠጠር ፈልጉ። የሚላላው ይላላል፣ የሚንኳኳው ይንኳኳል፣ ሁሉም ቤታችሁ አጠገብ ሆኖ ይታያል። የባሌ ተራሮች ፓርክ ውስጥ ስትገቡ ደግሞ ቀስ በሉ። ቀይ ቀበሮ መንገድ ያቋርጣል፤ የተጫነ ሞተር እንደ ባዶው ፈጥኖ አይቆምም፣ ፈጥኖም አይታጠፍም።

መጀመሪያ ሮቤ ያደርኩ ማታ ዕቃዬን ሁሉ አልጋ ላይ ዘርግቼ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ያልነካሁትን ለየሁ፦ ሁለተኛ ጂንስ፣ ትልቁ ፎጣ፣ ቆዳ ጫማ፣ ጠርሙስ ሙሉ ሻምፑ፣ ለሌላ ሞተር የሚሆኑ ሦስት ቁልፎች። ጠዋት መናኸሪያ ሄጄ በካርቶን አሽጌ በአዲስ አበባ አውቶቡስ ላክሁት። አራት ኪሎ ተኩል ነበር። ከጎባ ወደ ሳኔቲ የሚወጣውን ጠመዝማዛ ስይዝ ልዩነቱን በመሪው አወቅሁት።